እሜቴ ቤት የቀየረች ዕለት

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰማዩ በምዕራብ በኩል መጥቆር ጀመረ። ዘመነች አሮጌው የአውራሪስ ቤት ሥር ቆማ አንዴ ደመናውን፣ አንዴ ግድግዳውን ታያለች። የግድግዳው ስንጥቅ ትናንት ሁለት ጣት ነበር የሚያስገባው። ዛሬ መዳፏን ሙሉ ሰደደችበትና ከወዲያ በኩል ነፋስ ነካት።

ከወዲያ በኩል መንገድ ነው። ከመንገዱ ማዶ የቆርቆሮ አጥር፣ የሱቅ መስኮት፣ እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤት የሚለቀቁ ልጆች አሉ። ከወዲህ በኩል ደግሞ ከአሥር ኩንታል በላይ የምትመዝነው እሜቴ ቆማ የግራር ቅርንጫፍ ታኝካለች።

ግቢው ከአየር ጤና ወረድ ብሎ ያለ አነስተኛ የእንስሳት ማቆያ ነው። ጅቦች፣ ዝንጀሮዎች፣ ሁለት ያረጁ አንበሶች፣ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ማንም የማያውቅ ኤሊ፣ እና አንዲት አውራሪስ አሉት። አውራሪሷ ገና ጥጃ ሳለች በሣጥን ተጭና ስትመጣ ተቀብሎ ያሳደጋት ጋሽ ደሜ የሚባል ሠራተኛ ነበር። አካሄዷ የባላባት ሚስት ይመስላል ብሎ «እሜቴ» አላት፤ ስሙም ጸናላት። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ጋሽ ደሜ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያለፉትን አሥራ አራት ዓመታት የመገበቻትም፣ ቤቷን የጠረገችላትም ዘመነች ናት።

«እንግዲህ ከዝናቡ በፊት ነው» አሉ የግቢው ኃላፊ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ገና ላልመጣው ዝናብ ጥላቸውን ዘርግተው። «ይኸ ግድግዳ ሌላ ዶፍ አይችልም። ነገ ማፍረሻው መኪና ይመጣል። ዛሬ በእግሯ ከገባች ገባች፤ ካልገባች ዶክተር ታስተኛትና በሰንሰለት እንጎትታታለን።»

ዘመነች ወደ ዶክተር ራዕይ ዞረች። ወጣቷ ሐኪም የመርፌውን ጠመንጃ እንደ ሕፃን በሁለት ክንዶቿ ታቅፋዋለች።

«ከተኛች ትነሳለች?»

«እትዬ ዘመነች፣ ሳንባዋን ታውቂዋለሽ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

ዶክተር ራዕይ መሬት መሬት አየች። «አምና ለጥርሷ ሳስተኛት አራት ሰዓት ሙሉ አልተነሳችም። ዘንድሮ ደግሞ ያን ሁሉ ሳል ስለሳለች… ዋሽቼ አዎ ልልሽ አልችልም።»

ወይ በእግሯ፣ ወይ በመርፌ። በመርፌ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ቤት የሚገባው ሬሳ ሊሆን ይችላል።

አሮጌውን ቤት የሠሩት ሰዎች አውራሪስ አይተው የሚያውቁ አይመስልም። ብረቶቹ አግድም ናቸው፤ እሜቴ ቀንዷን ከሥራቸው እያስገባች ወደ ላይ ስትነቀንቃቸው ኖራ ሁለቱን አጉብጣቸዋለች። ወለሉ ልሙጥ ሲሚንቶ ነው፤ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከሁሉ የከፋው የሰው መግቢያው በር ነው። ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ለማጽዳት አብሯት መግባት ግድ ነው፤ ከተቆጣች ደግሞ በሩን ወደ ራስ ስቦ ከፍቶ መውጫ ጊዜ የለም። ጋሽ ደሜ እስከ ዛሬ የሚያነክሰው እዚያ በር ላይ በሆነ ነገር ነው።

ሥራውን ሲያስረክባት አንድ ሕግ ሰጥቷት ነበር። «አውራሪስ ዓይኗ ደካማ ነው። የሚያስቆጣት ድንገት ነው። ስለዚህ ሰው ቤት እንደምትሄጂው አድርጊ። ደጅ ቆመሽ ‹ቤቶች!› በይ። ጆሮዋን ካዞረችልሽ ግቢ። ካላዞረች ተመለሽ፤ ቁርስሽንም ብዪ።» ዘመነች በአሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳትጣራ ገብታ አታውቅም።

አዲሱ ቤት ሌላ ነው። ከአሮጌው ሠላሳ እርምጃ ርቆ ተሠራ፤ ሁለቱን በብረት የታጠረ ጠባብ መተላለፊያ ያገናኛቸዋል። በሩ በቦይ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ከውጭ ባለ እጀታ ስለሚዞር ማንም አብሯት መግባት የለበትም። ወለሉ ሻካራ ነው፤ አንድ ጥግ ላይ የምትተኛበት አሸዋ ፈሶበታል። በአንድ ወገን ግድግዳ የለውም፤ በግድግዳው ፋንታ በሲሚንቶ የተሞሉ ወፋፍራም ብረቶች ቆመው ተደርድረዋል። ከብረቶቹ ወዲህ የሠራተኛው መሄጃ ነው። በብረቶቹ መካከል ሰው ያልፋል፤ አውራሪስ አያልፍም።

ያንን ክፍተት ያስለካችው ዘመነች ናት። በያጁ በሜትር ሊለካ ሲል «ሜትር አይሮጥም፤ በእኔ ልክ ይሁን» ብላ ሁለቱ ብረቶች መካከል ራሷ ገብታ ቆመች። በያጁ «እትዬ፣ እስቲ ትንፋሽሽን ያዥ» ሲላት፣ «ስሮጥ ትንፋሽ አልይዝም» አለችው። የሥራ ባልደረባዋ ኑሕ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጌታው፣ ለፆም ፍቺም ጨምርበት እንጂ!» እያለ በያጁን አሳቀው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግን ለኑሕም በደንብ አላስረዳችውም፤ ታፍር ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ፣ በየማለዳው የእሜቴን ፋንድያ በእጅ ጋሪ እየገፋች አዲሱ ቤት አንድ ጥግ ላይ ስትከምር ሰነበተች። ሽንቷ የነካውን ገለባ በበሩ ብረቶች ላይ አሸች። አውራሪስ ቤቷን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። ፋንድያዋን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ትጥላለች፤ እዚያ ቦታ ላይ የራሷ ሽታ ካለ፣ ያ ቦታ የእሷ ነው። ትናንት ማታ ስትወጣ ቤቱ ለእሜቴ አፍንጫ ተኑሮበት የቆየ ነበር።

«ክፈት» አለችው ለኑሕ።

ኑሕ ወደ መተላለፊያው የሚያስወጣውን የአሮጌውን ቤት በር ከፈተ። ዘመነች ከመተላለፊያው አጥር ውጭ ሆና ሙዝ እያሳየች ወደ ኋላ ኋላ ሄደች። እሜቴ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ወጣች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። ቆመች፣ አየሩን ሳበች፣ ቀጠለች። አቶ ሰይፈሥላሴ ጥላቸውን አጥፈው ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

ሃያ አምስተኛው እርምጃ ላይ እሜቴ ቆመች።

የላይ ከንፈሯን ወደ አዲሱ ቤት በር ዘረጋች። አሸተተች። ከዚያ እንደ ቁጡ በሬ አናፋችና ወደ ኋላዋ አፈገፈገች።

«ነይ እሜቴ፣ ነይ እናቴ» አለች ዘመነች።

እሜቴ ዞራ ወደ አሮጌው ቤት ልትሮጥ ስትል ኑሕ የኋላውን በር ዘጋባት። እንዲዘጋ ቀድመው ተነጋግረው ነበር፤ ወደዚያ ግድግዳ ተመልሳ እንድትገባ አይፈለግም። አሁን ግን ከፊቷ የማትወደው ቤት፣ ከኋላዋ የተዘጋ በር ሆነባት። ጎኗን ሰጥታ የአጥሩን ብረት መታችው። ብረቱ እንደ ደወል ጮኸ፤ ሥሩ ያለው ሲሚንቶ ተሰነጠቀ።

«ይኸ አጥር ስንት ይችላል?» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ።

«ለማለፊያ ነው የተሠራው» አለ ኑሕ። «ለቦክስ አይደለም።»

ዶክተር ራዕይ ጠመንጃውን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

ዘመነች ግን ወደ አዲሱ ቤት በር ጠጋ ብላ ነበር። ያኔ ሸተታት። ፋንድያ አይደለም። በረኪና ነው።

በአዲሱ ቤት ጓሮ በኩል ባለው በር ሮጣ ወደ ሠራተኛው መሄጃ ገባች። በብረቶቹ መካከል ያየችውን ማመን አቃታት። ወለሉ ተፈትጎ ያበራል። ጥግ ላይ የነበረው የአሥራ ሁለት ቀን ክምር የለም። በምትኩ ከዳር እስከ ዳር፣ በሩ የሚንሸራተትበት ቦይ ድረስ፣ ለምለም ቄጠማ ተጎዝጉዟል።

የግቢው ጽዳት ሠራተኛ እትዬ እሙ መሄጃው ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ፊቷ ላይ ደስታና ኩራት ነበረ።

«አየሽው?» አለች። «ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሬ ነው። አራት ጠርሙስ በረኪና ጨረስኩ። ቄጠማውን ከጦር ኃይሎች ነው ያመጣሁት።»

«እትዬ እሙ… ፋንድያውስ?»

«ደፋሁት እንጂ! ምን ያለው ባለጌ ነው እዚህ ያከማቸው? ቤቱ አዲስ፣ የምትገባዋ ትልቅ ሰው የምታህል። አዲስ ቤት በቆሻሻ ይገባል? እሜቴንማ እንዲህ አላስገባም ብዬ…» የዘመነችን ፊት አየችና ድምፅዋ ወረደ። «ምን አደረግኩ?»

ዘመነች ልትጮህባት አፏን ከፈተች። ቄጠማውን አየች፤ ከሥር የተቆረጠ፣ አንድ በአንድ ተመርጦ የተነጠፈ። አፏን መልሳ ገጠመችው።

«ባለጌዋ እኔ ነኝ። ሳልነግርሽ መቅረቴ ነው። አሁን እርጂኝ።»

ተመልሳ ወጣች። «ዶክተር፣ ጥቂት ጊዜ ስጪኝ።»

«አጥሩ እየለቀቀ ነው!»

«እስኪለቅ ስጪኝ።»

ዶክተር ራዕይ ወደ አቶ ሰይፈሥላሴ አየች፤ እሳቸው ወደ ሰማዩ አዩ። ደመናው አየር ጤናን አልፎ መጥቷል። «ጠብታ እስኪወርድ» አሉ። «ከዚያ በኋላ እኔን አትጠይቂኝ።»

ፋንድያ ያለው አሮጌው ቤት ነው። ዘመነች በሰው መግቢያው ዘልቃ የዛሬውን ትኩስ ክምር በአካፋ ጋሪው ላይ ጫነች፤ ዙሪያውን ገፍታ በጓሮው በር አስገባች። በዚህ መሀል ኑሕ አዲሱን በር ሊዘጋ እጀታውን አዞረ። እሷ ውስጥ ስትሠራ በሩ መዘጋት አለበት። በሩ አንድ ክንድ ያህል ተንቀሳቀሰና ቆመ። እንደገና አዞረው። አይሄድም።

«ቄጠማው ቦዩ ውስጥ ገብቷል!» ብሎ ጮኸ። «አይዘጋም እትዬ! እንዳትገቢ!»

አሮጌው ቤት ውስጥ የነበረው አደጋ፣ ከአውራሪስ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መገናኘት፣ አዲሱ ቤት የተሠራው እሱን ለማስቀረት ነበር። ዘመነች ብረቶቹን አየች። ከውጭ ያ የብረት ደወል እንደገና ጮኸ።

«እትዬ እሙ፣ ሽቦ ፈልጊና ከዚህ ከወዲህ ጫፍ ቦዩን ቆፍሪ። በብረቱ መካከል እጅሽ ይደርሳል። ወደ ውስጥ ግን እንዳትገቢ።»

«አንቺስ?»

ዘመነች ጋሪውን በመሄጃው ጫፍ ባለችው ጠባብ የሠራተኛ በር ወደ ውስጥ ገፋች።

ውሃ መርጨት አይቻልም፤ ድምፁ ያስደነግጣታል፣ ወለሉም ይብሳል። ከመኝታው አሸዋ በአካፋ እየዛቀች በረኪና ያራሰውን ወለል ማልበስ ጀመረች። ቄጠማውን በእግሯ ወደ ጎን ገፋች። አምስት አካፋ። ስምንት። ከዚያ የጋሪውን ግማሽ ጥግ ላይ ደፋች። ሽታው ተነሣ። ሌላ ጊዜ አፍንጫ የሚያስይዝ ሽታ አሁን እንደ ዘመድ ደረሰላት። «ጌታ ሆይ፣ ንፋሱን ወደ በሩ አድርግልኝ» ብላ አንሾካሾከች።

የብረቱ ደወል ቆመ።

ዘመነች ቀና አለች። እሜቴ በሩ ላይ ቆማለች። አንድ ክንድ ያህል ብቻ በተዘጋው በር ውስጥ ጭንቅላቷና የፊት ቀንዷ ገብተዋል። የላይ ከንፈሯ እንደ ጣት ይንቀሳቀሳል፤ ፋንድያውን ነው የምትፈልገው። ዘመነች ያለችው ጥጉ ጋ ነው። ብረቶቹ ስምንት እርምጃ ይርቃሉ። ጋሪው መሀል ላይ ወደ ሠራተኛው በር የሚወስደውን መንገድ ዘግቷል።

ዶክተር ራዕይ ከዚያ ቦታ መተኮስ አትችልም፤ ብትተኩስም መድኃኒቱ እስኪሠራ ደቂቃዎች ይፈጃል።

ዝም ብትል እሜቴ ድንገት ታገኛታለች። ብትሮጥ ታባርራታለች። ዘመነች የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቤቶች» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ዘወትር ማለዳ እንደምትለው።

ግራ ጆሮዋ ዞረ። ቀጥሎ ቀኙ።

እሜቴ ገባች። በጠባቡ በር ጎኗን እያሸች አንድ እግር፣ ሁለት እግር አስገባች። ዘመነች በግድግዳው ተጠግታ ወደ ብረቶቹ አንድ እርምጃ ተራመደች። ሌላም። ስድስት ቀረ። አምስት። በዚህ መሀል የእሜቴ የፊት እግር አሸዋ ያልደረሰው ቄጠማ ላይ አረፈና ተንሸራተተ።

ያ ሁሉ አካል በአንድ ጊዜ ተደናገጠ። እሜቴ አናፍታ ወደ ፊት ተወነጨፈች፤ ያገኘችው ጋሪውን ነበር። ጋሪው እንደ ጣሳ ወደ ላይ ሄደ፤ የቀረው ፋንድያ በየቦታው ዘነበ። ዘመነች ሮጠች። የፕላስቲክ ቦት ጫማዋ አዳለጣትና በጉልበቷ ወደቀች፤ በእጇ ተሳበች፤ ተነሣች፤ ትከሻዋን በሁለቱ ብረቶች መካከል ሰደደች። ትከሻዋ አለፈ። ደረቷ ላይ ግን ያዛት።

ቁልፎቹ ናቸው። የግቢው ቁልፎች ሁሉ በቱታዋ የደረት ኪስ ውስጥ ነበሩ። በያጁ ሲለካት ኪሷ ባዶ ነበር።

ከኋላዋ የብረት ጋሪ ሲደቅ ሰማች። ትንፋሽ ጀርባዋን ሞቃት፤ የማን እንደሆነ አላወቀችም። ከዚያ ሁለት እጆች የቱታዋን ኮሌታ ጨምድደው ያዙ።

«በእመብርሃን!» አለች እትዬ እሙ፣ ሽቦዋን ጥላ። ባላት አቅም ሁሉ ጎተተች። ኪሱ ተቀደደ፤ ቁልፎቹ ከወዲህ በኩል ወለሉ ላይ ተንሿሹ፤ ዘመነች በእትዬ እሙ ላይ ወደቀች። ወዲያው ከበላያቸው ብረቱ ጮኸ፣ ግን አልተነቃነቀም። ቀንዱ በብረቶቹ መካከል አንድ ስንዝር ገብቶ ቆመ። ከዚያ በላይ አይገባም።

ሁለቱም ተኝተው አዩት። ከዚያ ቀንዱ ተመለሰ።

ዶክተር ራዕይ በጓሮው በር መጥታ ከበላያቸው ቆማለች፤ ጠመንጃው ተደግኗል። እሜቴ መሀል ወለል ላይ ቆማ ታለከልካለች፤ ሳሏ ጀመራት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሳለች።

«አሁን ብትወስኚ ይሻላል» አለች ዶክተር ራዕይ በቀስታ። «እንዲህ ከቀጠለች አጥሩን ተመልሳ ትጥሰዋለች። በሩ ክፍት ነው።»

«ቆዪ» አለች ዘመነች።

እሜቴ ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች። የተበተነውን ፋንድያ አሸተተች። አንድ እርምጃ ሄዳ ሌላውን አሸተተች። ሽታዋን እየተከተለች ጥጉ ጋ ደረሰችና ክምሩ ላይ ብዙ ቆየች። ዞረች። ጀርባዋን ለክምሩ ሰጠች። ጅራቷ ተነሣ።

«ኧረ በናትሽ» አለ ኑሕ ከበሩ ማዶ፣ እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ። «ኧረ በሞቴ።»

ጣለችው። ከዚያም በኋለኛ እግሮቿ እየረገጠች፣ የራሷ እስኪሆን ድረስ፣ ከክምሩ ጋር ቀላቀለችው።

እትዬ እሙ ሽቦዋን አንሥታ ወደ ቦዩ ጫፍ በጉልበቷ ሄደች። ከቦዩ ውስጥ የተጠቀጠቀውን ቄጠማ ጎትታ፣ ጎትታ አወጣችው፤ ጣቷ እየደማ። «አዙር» አለች በሹክሹክታ። ኑሕ አዞረ። በሩ ያለ አንዳች ድምፅ ተንሸራቶ ተዘጋ። ዶክተር ራዕይ ጠመንጃውን አውርዳ መርፌውን አወጣችና ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ወዲያው የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አዲሱን ቆርቆሮ መታ መታ አደረጉት።

ሲዘንብ ዋለ። ያ ሁሉ የተፈራው የአሮጌው ቤት ግድግዳ ግን አልወደቀም፤ በማግሥቱ ማፍረሻው መኪና እስኪመጣ ድረስ እንደተሰነጠቀ ቆሞ አደረ። ኑሕ ይህንን እያነሣ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ ሰነበተ። «ግድግዳው እንኳ ታግሦን ነበር» ይላል። «ደግሞ አንቺን ምን ልበልሽ? ባለቤቲቱን ደጅ አቁመሽ፣ አንቺ ከውስጥ ሆነሽ ‹ቤቶች› ትያለሽ? ምን ያለሽ እንግዳ ነሽ?»

በማግሥቱ ማለዳ ዘመነች በተሰፋ ኪስ፣ ቁልፎቹን አንገቷ ላይ በገመድ አንጠልጥላ መጣች። አቶ ሰይፈሥላሴ ቀድመዋት የሠራተኛው መሄጃ ላይ ቆመው፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው፣ ብረቶቹ ላይ የደረቀውን ፋንድያ በጥላቸው ጫፍ ያመለክታሉ።

«ይኸማ ይታጠብ እንጂ» ይላሉ። «አዲስ ሕንፃ ነው።»

«ማንም አይነካውም!» አለች እትዬ እሙ። መጥረጊያዋን በሁለት እጇ አግድም ይዛ፣ በእሳቸውና በብረቶቹ መካከል ቆማለች። አመልካች ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል። «ቤቷ ነው። እንደፈለገች ታድርገው።»

ዘመነች አልፋቸው ወደ ደጁ ዞረች። በተዘጋው በር ብረቶች ፊት ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ቤቶች!» አለች።

ጆሮ እስኪዞር ጠበቀች።